የባለቤቴ ኪኒንና አዲሱ ባና

የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ ፊደል ለይቻለሁ፤ እንግሊዝኛውንም ከአሮጌ መዝገበ ቃላት ላይ ለብቻዬ ለቅሜዋለሁ። መሐል ሜዳ ውስጥ ሬዲዮ የተበላሸበትም ሆነ ደብዳቤ የመጣለት ሰው የሚፈልገው እኔን ነው። በባለቤቴ ኪኒን ላይ ለመፍረድ የደፈርኩትም ይህን ተማምኜ ነው።

ባለቤቴ አንድ ጡቷ በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ በሽታው እንዳይመለስ የሆርሞን ኪኒን ታዘዘላት። አንድም ቀን ሳታጓድል ዓመት ከመንፈቅ ዋጠችው።

ዘንድሮ ክረምት ሲገባ ብርዱ እንዳይጎዳት ብዬ ከራሳችን በጎች ጠጉር አዲስ ባና፣ ወፍራም የሚደረብ ብርድ ልብስ፣ ሸመንኩላት። እንደ እኔ አጥብቆ የሚሸምን ጓሳ ድረስ ቢፈለግ አይገኝም። ሳምንት ሳይሞላ ግን አንገቷና ክንዷ ቀልቶ ሽፍ አለ። በነጠላዋ ተሸፋፍና ደበቀችኝ፤ ዕቃ ልታጥብ እጅጌዋን ሰብስባ ስታክክ ግን አየሁት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ብርድ ነው።»

«ብርድ ደግሞ ያሳክካል?»

«ኪኒኑን ተይው ይሉኛል ብዬ ፈርቼ ነው» አለች።

እንደ ፈራችውም አልኳት። ከኪኒኑ ካርቶን ውስጥ ወረቀቱን አውጥቼ፣ መነጽሬን ሰክቼ፣ ቃል በቃል ፈታሁት። አለርጂ ይላል፤ ሽፍታም ይላል።

«ይኸው ተጽፏል! ከዛሬ ጀምሮ አትውጪም።»

«በሽታው ቢመለስስ?»

«ያነበብኩት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?»

 አራት ቀን አልዋጠችም። ጡቷ በነበረበት ቦታ ላይ እጇን አድርጋ ስትቀመጥ ሳይ ግን ሐኪሟን ልጠይቅ ቆረጥኩ። በአምስተኛው ቀን ሚኒባስ ተሳፍረን ደብረ ብርሃን ሄድን።

ሐኪሟ በዕድሜ ልጃችን የምትሆን ሴት ናት። ወረቀቱን ዘርግቼ አስረዳኋት። አዳምጣኝ ወደ ባለቤቴ ዞረች።

«እማማ፣ ፊትዎ ወይ ከንፈርዎ አብጦ ነበር? ትንፋሽስ አጥሮዎታል?»

«የለም ልጄ።»

«እሱ ቢሆን በዚያው ሰዓት መምጣት ነበረብዎት። ሰሞኑን የለወጡት ነገር አለ? ሳሙና? ልብስ?»

«ባና አለ። እሳቸው የሠሩልኝ።»

«የተቀባ ወይ የተነሰነሰበት ነገር አለ?»

ሁለቱም እኔን አዩኝ። ቁንጫ እንዳይደርስባት ብዬ ለበጎቼ መዥገር የምነሰንሰውን የመድኃኒት ዱቄት ነስንሼበት ነበር። እንዳለ ተናገርኩ።

«ወይ ጉዴ! እኔንም እንደ ሙክቱ?» ብላ ባለቤቴ ሳቀች። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ እንዲያ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም።

ሐኪሟ ግን አልሳቀችም። «ኪኒኑም ሽፍታ የሚያመጣበት ጊዜ አለ፤ መስጋትዎ ልክ ነው። ግን አባባ፣ ከማስቆምዎ በፊት እኛን ይጠይቁ። ባናውን ያርቁት፤ ኪኒኑን ዛሬውኑ ይጀምሩ። ሽፍታው በሳምንት ካልጠፋ ተመልሳችሁ ኑ።»

ባለቤቴ የመቀነቷን ጫፍ ፈታች። ኪኒኑ እዚያ ተቋጥሮ ነበር፤ ለካ አራቱንም ቀን ከወገቧ አልለየችውም። ውሃ ለምኜ አመጣሁላትና እዚያው ዋጠች።

ሽፍታው በሳምንቱ ጠፋ። ወረቀት ማንበቤን አልተውኩም፤ የሚያሠጋኝን ግን በእስክሪብቶ አስምሬ ለሐኪሟ እወስዳለሁ። ሌላ ባናም ሸምኜላታለሁ፤ ምንም ያልተነሰነሰበት። ከፊተኛውም ይበልጣል።