አባዬን ሁለቴ ያልጠየቀው ሰው

ባለፈው ሳምንት ለልጄ ፍራሽ ልገዛ ቫን ናይስ የሚባለው ሰፈር ሄጄ ነበር። ሻጩ ላስቲኩን ሲቀደው የወጣው የአዲስ ስፖንጅ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ ፊቴ በሐፍረት ጋለ። ያ ሽታ ለእኔ ሚስተር ዴል ነው።

ሚስተር ዴል እኛ የምንኖርበት ከተማ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ትይዩ፣ ፍራሽ ይሸጥ ነበር። ሰፈሩ “ጋሼ ፍራሽ” ሲለው ትርጉሙን ስለሚያውቅ ይስቃል። ክራቫቱን የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ወትፎ ራሱ ፍራሽ የሚሸከም ረዥም ሰው ነበር። አባዬ የጭነት መኪናውን ይነዳለት ነበር። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጫማዬን አውልቄ በጣም ውዱ ፍራሽ ላይ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ፤ ገዢ ሲመጣ ሚስተር ዴል “እስቲ ተኝተሽ አሳያቸው” ይለኛል። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ አንኮራፋለሁ። ብዙ ፍራሽ አሽጫለሁ።

አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ፣ አንድ እሑድ ሚስተር ዴል ቤታችን መጣ። በተወለደበት ስቴት፣ በረዶ አገር፣ ፋብሪካ ሊከፍት ነው፤ አባዬን የመጋዘን ኃላፊ አድርጎ፣ ቤትም ሰጥቶ ሊወስደን ይፈልጋል። ያኔ የአባዬ እንግሊዝኛ ገና ስለነበር አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ።

አባዬ ደስታው ፊቱ ላይ እያስታወቀበት እጁን አፋተገ። “ኧረ እኔ ምኑን እችለዋለሁ! የተሻለ ሰው ይፈልጉ በያቸው” አለኝ።

የእኛ ሰው የመጀመሪያ እምቢታ እምቢታ አይደለም። ይሉኝታ ነው፤ ጠያቂው “በሞቴ” ብሎ እንዲደግም ነው። እናቴ እንኳ ፈገግታዋን ደብቃ ሁለተኛውን ጥያቄ ትጠብቅ ነበር። እኔም ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። ግን ጓደኞቼን ትቼ መሄድ አልፈለግኩም።

“አልፈልግም ይላል” አልኩት በእንግሊዝኛ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና “እዚሁ ደስተኛ ነው” ብዬ ጨመርኩ።

ሚስተር ዴል አባዬን ትክ ብሎ አየውና እጁን ጨብጦት ወጣ።

“ግድ የለም፣ ደግሞ ይመጣሉ” አለ አባዬ። በሚቀጥለው እሑድ ሸሚዙን ተኩሶ ለብሶ ተቀመጠ። በሚቀጥለውም እንዲሁ። በወሩ ሱቁ ተዘጋ።

ፋብሪካው አደገ፤ ሚስተር ዴልም ከብሮ ኋላ የዚያ ስቴት ገዥ ሆኖ ተመረጠ። አባዬ ካልቨር ሲቲ የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርግ አረጀ። የሰውዬው ስም በተነሳ ቁጥር “ሁለቴ መጠየቅ ከበዳቸው፤ ናቁኝ” ይላል። እኔ አንገቴን ደፍቼ ሻዬን እጠጣለሁ። ፈሪ ነበርኩ፤ ነኝም።

ዓምና ሚስተር ዴል ሥልጣኑን ሲያስረክብ ያደረገውን ንግግር ከአባዬ ጋር በቴሌቪዥን አየን።

“አንድ ሾፌር ነበረኝ” አለ። “ሹመትና ቤት ሳቀርብለት፣ ‘እዚሁ ደስተኛ ነኝ’ አለኝ። ሰው የሚበቃውን ማወቁን ያየሁት እሱ ዘንድ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ደግሜ ብጠይቀው መድፈር መሰለኝ።”

አባዬ እንግሊዝኛውን ዛሬ አንዱም ቃል አያመልጠውም። ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

“ደስተኛ ነኝ ብዬ ነበር እንዴ?”

“አላልክም፣ አባዬ። እኔ ነኝ ያልኩት።”

ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ዓይኑ እንባ ሞላ፣ ፊቱም ፈታ አለ።

“እንግዲያ አልናቁኝም” አለ። ተነስቶ ወደ ኩሽና እየሄደ እናቴን ተጣራ። “አንቺ፣ ሰምተሻል? ሰውዬው ንቀውኝ አልነበረም!”