ሦስተኛው ሞግዚት

ልደታ ማርያም አጠገብ ልብስ እየሰፋች ሁለት ሴት ልጆቿን የምታሳድገው ተናኘወርቅ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ የደረት ሕመም ሲጠናባት ኑዛዜዋን በንስሐ አባቷ እጅ አጻፈች። ለልጆቿ ሞግዚት ያደረገችው ወንድሟን ነበር፤ በሳምንቱ አብዮት ጠባቂዎች ወሰዱት፣ አልተመለሰም። ስሙ ተሰርዞ የአክስቷ ልጅ ተተካ፤ እሱንም በፋሲካ ማግስት ወሰዱት። የተሰረዙት ስሞች ከቀለሙ ሥር አፍጥጠው የሚያዩዋት ይመስላት ጀመር። ጎረቤቱም «የኔን ስም እንዳታስጽፊ፣ በማርያም!» እያለ ሸሻት።

ሦስተኛ ጊዜ ቄሱ ብዕራቸውን አንስተው፣ «አሁንስ ማንን ልጻፍ?» አሏት።

«አስፋውን።»

አስፋው ሁለቱንም መጥቶ የወሰዳቸው የጠባቂዎቹ አለቃ ነው።

«ምን ነካሽ ልጄ!»

«ምንም አልነካኝ፣ አባ። ልጅ የሚያሳድግ ሰው መጀመሪያ በሕይወት መኖር አለበት። በዚህ ሰፈር ከእሱ ሌላ ማን ይተርፋል?»