የዘለልኩት ቃልና የእታለም ስንዱ በርበሬ

ልጅ እያለሁ የሰው እውቀት የሚለካው በሚያውቀው የእንግሊዝኛ ቃል ርዝመት ይመስለኝ ነበር። ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው ትምህርት ቤታችን እንደኔ የሚያስቡ ብዙዎች ነበሩ። በእረፍት ሰዓት ከክፍሉ ጀርባ ባሕር ዛፍ ሥር ተሰብስበን ቃል እንወራወራለን። አንዱ ረጅም ቃል ይጥላል፤ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ይቆጥራል፤ ፍቺውን ይናገራል። ሌላው ከዚያ የሚበልጥ ማምጣት አለበት። ካቃተው የአሸናፊውን ደብተር እስከ ወንዙ ድረስ ይሸከማል። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ደብተሬን ራሴ ተሸክሜ የገባሁባቸው ቀናት ጥቂት ነበሩ።

ቃሎቹን የማገኘው ከእንግሊዝኛ አስተማሪያችን መዝገበ ቃላት ነበር። ዓርብ ዓርብ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ያውሱናል። ሽፋኑ ተገንጥሎ በላስቲክ የተለበጠ፣ የኩራዝ ጋዝ የሚሸት መጽሐፍ ነው። ሌሎቹ ልጆች የሚጠቅማቸውን ቃል ሲፈልጉ እኔ ረጃጅሙን ብቻ እያደንኩ በእስክሪብቶ መዳፌ ላይ እጽፍ ነበር። ሪስፖንሲቢሊቲ፣ ኢንተርናሽናሊዝም፣ ሌላም ሌላም። ፍቺውን ለመጻፍ ግን መዳፌ አይበቃም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ፍቺውን ከራሴ እፈጥር ነበር። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ዓይኔን ሳላርገበግብ ከተናገርኩት የሚጠይቀኝ አልነበረም።

ሰፈሩም አበላሸኝ። በሰንበቴ ቀን ሽማግሌዎቹ ጠላ ይዘው በተቀመጡበት ይጠሩኝና «እስቲ ከረጃጅሞቹ አንዱን ልቀቅልን» ይሉኛል። እለቅላቸዋለሁ። አያ መንግሥቴ የሚባሉ ቀልደኛ አዛውንት «ይኸ ቃል እኮ ጭራው ቡሬ ሆኖ ራሱ ሽንዲ ደርሷል» ይላሉ። ሁሉም ይስቃል፤ ከዳቦውም ትልቁ ቁራሽ ለእኔ ይቆረሳል። የሐኪም ቤት ወረቀት፣ የማዳበሪያ ከረጢት፣ የባትሪ ድንጋይ ማሸጊያ ሳይቀር እኔ ዘንድ ይመጣል። አንድም ቀን አላውቀውም ብዬ የመለስኩት ጽሑፍ የለም።

እታለም ስንዱ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። አባቴ «እታለም» ስለሚላቸው እኛም ልጆቹ በዚያው ለመድን። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቤታቸው የሚተዳደረው በደጃቸው ባለች ትንሽ የበርበሬ መሬት ነበር። የቡሬ በርበሬ ምን እንደሆነ ለአገሬ ሰው አልነግርም። በዚያ ክረምት ዝናቡ በዛና አረሙ ችግኙን ዋጠው። እታለምም ገበያ ወርደው ከሐጂ እንድሪስ ሱቅ የአረም መድኃኒት ገዙ። ሐጂ ዘርና የእርሻ መድኃኒት የሚሸጡ፣ በሚዛናቸው ሰው ሁሉ የሚምልባቸው ነጋዴ ነበሩ።

«ሐጂ ለጤፍ ነው ብለውኛል» አሉኝ እታለም ጠርሙሱን ሲሰጡኝ። «ለበርበሬም ይሆን እንደሁ እስቲ ወረቀቱ ምን ይላል?»

ጽሑፉ የደቀቀ ነበር። ከመካከሉ አንድ የማውቀው ቃል አገኘሁ፤ «ሴሌክቲቭ» ይላል። ለይቶ የሚመርጥ ማለት ነው፤ ይህን በትክክል አውቀዋለሁ። ከሱ ቀጥሎ የሚገድለውን የአረም ዓይነት የሚናገር ሌላ ቃል ነበር፤ «ብሮድሊፍ»። ይህን ግን አይቼው አላውቅም። ዘለልኩት።

«እየለየ ነው የሚገድል» አልኳቸው። «አረሙን እንጂ ሰብሉን አይነካም።»

«የትኛውንም ሰብል?»

«የትኛውንም።»

«እሰይ፣ የወንድሜ ልጅ» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ።

በማግስቱ ጧት አባቴ መርጫ ተውሶ ረጨላቸው። በሦስተኛው ቀን የበርበሬው ቅጠል እሳት እንደነካው ተጠቀለለ፤ ግንዱ ተጣመመ። በሳምንቱ ከመሬቱ ላይ የቆመ ችግኝ አልነበረም። ወሬው ደግሞ ከእኛ ቀድሞ ቡሬ ገባ። ሐጂ እንድሪስ ለባልቴት መርዝ ሸጡ ተባለ። ሰው በሱቃቸው በር እያለፈ ሌላ ሱቅ መግባት ጀመረ። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ዝም አልኩ። የዘለልኩት ቃል ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

በገበያ ቀን ሽማግሌዎቹ ነገሩን ሊያዩ በሐጂ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀመጡ። አባቴ እኔንም ይዞኝ ሄደ።

«እኔ ለጤፍ ነው ብዬ ሸጥኩ» አሉ ሐጂ። «በርበሬ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። ራሷ ትመስክር።»

«ብለውኛል፤ አልክድም» አሉ እታለም። «ወረቀቱ ግን ሰብል አይነካም ይላል። እንግዲህ ማንን ልመን?»

ሐጂ እንግሊዝኛ አያነቡም። ከተቀመጡትም የሚያነብ የለም። አያ መንግሥቴ ጠርሙሱን ለእኔ አቀበሉኝ። «በል አንተ ባለ ረጅሙ፣ በእሳቸው ፊት ድገመው።»

ያንኑ ብደግመው የሚያርመኝ አልነበረም። የሐጂ ስም ይጠፋል፤ የእኔ ይተርፋል። በአሥራ ሦስት ዓመቴም ቢሆን ይህ በደንብ ገብቶኛል፤ ልጅ ነበርኩ ብዬ ራሴን ነጻ አላወጣም። ሐጂ አላዩኝም። መቁጠሪያቸውን ይዘው መሬት መሬት ያያሉ። እንዲያ ባያጎነብሱ ኖሮ እደግመው ነበር ብዬ እፈራለሁ።

«ይኸን ቃል አላውቀውም» አልኩ ጣቴን ጽሑፉ ላይ አድርጌ።

«ያን ዕለትስ ታውቀው ነበር?» አለ አባቴ።

«አላውቀውም ነበር።»

ዱላ ጠበቅሁ። የተነሣ ሰው የለም። እታለም ብቻ ቀስ ብለው «ታዲያ ምነው አላውቅም ብትለኝ? አጭር ነበረች እኮ» አሉ። በልጅነቴ ብዙ ተገርፌያለሁ፤ እንደዚያ ያመመኝ የለም።

የቀበሌው የግብርና ልማት ሠራተኛ ተጠርቶ አነበበው። ያ ቃል ሰፊ ቅጠል ማለት ነው። መድኃኒቱ ቅጠለ ሰፊውን ሁሉ ይገድላል፤ ጤፍን የሚምረው ቅጠሉ ቀጭን ስለሆነ ነው። በርበሬ ደግሞ ቅጠለ ሰፊ ነው። ሐጂ አንድ ክፉ ቃል አልተናገሩም። ወደ ውስጥ ገብተው የጤፍ ዘር ሰፍረው ወጡና «መሬቱ ጦም አይደር፤ ጤፍ ገና አላለፈም» ብለው ለእታለም ሰጧቸው። አያ መንግሥቴ በዚያው ቀን ገበያውን እየዞሩ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ነገሩ። የእኔን ስም እየጠሩ ነበር፤ ተገቢም ነበር።

ያን ጤፍ ከአባቴ ጋር ዘራን፤ ጤፉ እስኪያሸት ድረስም አረሙን በእጄ ነቀልኩ። የሆነው ሆኖ እታለም በዚያ ዓመት ለወጣቸው በርበሬ ከገበያ ገዝተዋል። የቡሬ ሴት ይህን እንዴት እንደምታየው አውቃለሁ። መስከረም ትምህርት ሲከፈት ከባሕር ዛፉ ሥር ተመለስኩ፤ ፍቺውን ያላወቅሁትን ቃል ግን መጣል ተውኩ። የስንቱን ልጅ ደብተር እስከ ወንዙ እንደተሸከምኩ አልቆጠርኩትም።

ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ዛሬ ፍኖተ ሰላም ወፍጮና የውኃ ሞተር እጠግናለሁ። ከሞተሩ ጋር የሚመጣውን መጽሐፍ ራሴን በራሴ እያስተማርኩ ነው ማንበብ የቻልኩት። ያልገባኝን ቃል አሰምርበታለሁ፤ ሳይገባኝ ብሎን አልፈታም። ሥራዬን አውቃለሁ፤ በዚህ ትሑት አልሆንም። ቤቴ ውስጥም ሕግ አለ፤ ረጅም ቃል የተናገረ ልጅ ፍቺውን ሳይናገር እራቱን አይጀምርም። አሥራ አንደኛ ክፍል ያለችው ልጄ ሰላማዊት «አባ፣ ስልኩ ይነግረን የለም እንዴ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። እኛ ዓርብን እንጠብቅለት የነበረውን እሷ ቁጭ ብላ ታገኘዋለች፤ እቀናባታለሁ። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ያ ስልክ ለጠየቁት ሁሉ መልስ አለው፤ ሲያመነታ አይቼው አላውቅም። እኔም በሰባተኛ ክፍል እንደዚያው ነበርኩ።

ባለፈው ኅዳር እታለም ስንዱ ከገጠር መጡ። አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል። ሐኪም ያዘዘላቸውን ጠብታ ከነወረቀቱ ከመቀነታቸው ፈቱ። ሰላማዊት ስልኳን አንሥታ «ያምጡት እታለም፣ አሁኑኑ ልንገርዎ» አለች።

«ቆይ የኔ ልጅ፣ አባትሽ ይየው» አሉ።

ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሦስት ቃል አልገባኝም፤ የትኞቹ እንደሆኑ በጣቴ እያሳየሁ ነገርኳቸው። እታለም ነጠላቸውን አስተካክለው ክንዴን ያዙ።

«በል ተነሥ» አሉኝ። «መድኃኒት ቤቱ ሳይዘጋ ሄደን እንጠይቅ።»