ከወንዙ በታች ያሉት ሰዎች ምሳ

የእህቴ ልጅ ሊዲያ ባለፈው እሑድ አንድ ጥራዝ ወረቀት ጭኔ ላይ አስቀመጠችና «አክስቴ፣ ጠንካራና ደካማ ጎኑን ንገሪኝ» አለችኝ። ለወጣቶች የጻፈችው ልብ ወለድ ነው። ክንፍ ያላቸው ፈረሶች፣ የሚናገር ሐይቅ፣ ትምህርት ቤት ሳታረፍድ ዓለምን የምታድን ልጅ፣ ሁሉም አለበት። ሊዲያ ያለችው ነገር ምንም ክፋት አልነበረውም። እኔ ግን «ጠንካራና ደካማ ጎን» ሲባል ስሰማ ዛሬም ብድግ ማለት ይቃጣኛል። እሷ ቃሉን የተማረችው ክፍል ውስጥ ነው፤ እኔ የተማርኩት ቀበሌ አዳራሽ ነው።

በደርግ ጊዜ የማይገመገም ነገር አልነበረም። የጽዳት ዘመቻው ይገመገማል፣ የእግር ኳስ ቡድኑ ይገመገማል፤ አንድ ጊዜ የሻይ ክበቡ ሳንቡሳ ሳይቀር ተገምግሟል። ሥርዓቱም የታወቀ ነበር። መጀመሪያ ጠንካራ ጎን በአጭሩ፣ ቀጥሎ ደካማ ጎን በሰፊው፣ በመጨረሻ ተገምጋሚው ተነሥቶ «ሂሱን ተቀብያለሁ» ይላል። አልቀበልም ያለ ሰው አላየሁም። ሳንቡሳ ጠባሿም ተቀብላለች።

ከቀይ ሽብር ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በአንድ ክረምት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ተቀምጬ ነበር። የምንኖረው ከራስ መኮንን ድልድይ በላይ፣ ብዙ ቤተሰብ አንድ ግቢ በሚጋራበት ሰፈር ነው። ዝናቡ ሲበረታ የወንዙ ድምፅ እስከ እኛ ቤት ይሰማል። እኔም የራሴን ልብ ወለድ የጻፍኩት ያን ድምፅ እየሰማሁ ነው። ታላቅ ወንድሜ ጌታቸው አራት ኪሎ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ስለነበረ፣ በአንድ ወገን የተጻፈበት ወረቀት ያመጣልኛል፤ እኔ በባዶው ጀርባ እጽፋለሁ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ከወንዙ በታች ከተማ አለ። አንድ ግዙፍ ፍጡር ጥላቸውን የነጠቃቸው ሰዎች እዚያ ተደብቀው ይኖራሉ። አንዲት ልጅ የወንድሟን ጥላ ፍለጋ ወደዚያ ትወርዳለች። ዛሬ ሳስበው ጅልነቱ ብዙ ነበር። ግዙፉ መሐል ላይ ሞቶ መጨረሻ አካባቢ ሲስቅ ይገኛል። ልጅቷም በየገጹ ታለቅሳለች። የወንዙ አገላለጽ ግን አሁንም አያሳፍረኝም። ስለ መንግሥት ደግሞ አንዲት ቃል አስቤ አልጻፍኩም። ግዙፍ ያለበት ተረት እወድ ነበር፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ይህን ብል ያኔ ማን ያምነኝ ነበር?

ጌታቸው ከሥራ ሲመለስ የጻፍኩትን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብልናል። ግዙፉ ጋ ሲደርስ ድምፁን ያወፍራል፤ እኛ በሳቅ እንሞታለን። ግድግዳችን ጭቃ ነው፤ ከወዲያ በኩል እትዬ አልማዝ ይኖራሉ። በቀይ ሽብር ጊዜ ብቸኛ ልጃቸው ዳንኤል ከግቢያችን በር ላይ ተወስዶ በዚያው ቀርቷል። ሞተ ያላቸው የለም፣ አለ ያላቸውም የለም። አንድ ቀን ንባቡ ሳያልቅ ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡ።

«ሰኒዬ» አሉኝ፣ «እነዚያ ከወንዙ በታች ያሉት ሰዎች ይበላሉ?»

ጌታቸው የሚያነበውን ወረቀት አስቀመጠ።

«አላሰብኩበትም፣ እትዬ።»

«አስቢበት እንጂ፣ ልጄ። ሰው ሳይበላ እንዴት ይኖራል?» ብለው ወጡ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ግን እትዬ አልማዝ በቀበሌ ሱቅ የስኳር ሰልፍ ላይ ታሪኩን አወሩት። እንደ ተረት ሳይሆን እንደ ወሬ። «ከወንዙ በታች የተደበቁ ሰዎች አሉ፣ የጌታቸው እህት ታውቃለች» አሉ። ልጅ የጠፋባቸው እናቶች አንድ በአንድ ወደ እናቴ እየመጡ ያጠያይቁ ጀመር። ሳምንት ሳይሞላ የቀበሌው ሊቀመንበር ጌታቸውን አስጠራው። ጌታቸው የቀበሌው ወጣቶች ማኅበር የሥነ ጽሑፍ ክበብ ጸሐፊ ነበር። ሊቀመንበሩ «ይህች ከተማ የት ናት? ጥላ ነጣቂውስ ማነው?» ብሎ ጠየቀውና፣ ጽሑፉ ሕዝብ ባለበት እንዲገመገም፣ ገምጋሚውም እሱ ራሱ እንዲሆን አዘዘ። ያኔ በእንዲህ ዓይነት ጥያቄ ገብቶ ያልወጣ ስንት ሰው እናውቅ ነበር። እናቴ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም።

በግምገማው ቀን አዳራሹ ሞላ። ሥነ ጽሑፍ ክበብ መጥተው የማያውቁ እናቶች ከኋላ ወንበር ተደርድረው ነበር፤ እትዬ አልማዝም ከመሐላቸው። ጌታቸው ተነሣ። ጠንካራ ጎኑን ባንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰው፦ የእጅ ጽሑፉ ይነበባል። ከዚያ ደካማውን ጀመረ። ግዙፉ ሞቶ ይስቃል አለ፤ እውነት ነው። ልጅቷ እንባዋ አያልቅም አለ፤ እሱም እውነት ነው። ቀጥሎ ወረቀቱን አጠፈና ሊቀመንበሩን እያየ «የሕፃን ቅዠት ነው። እንዲህ ያለ ከተማ የትም የለም። ከወንዙ በታች ሰው የለም። ተደብቆ የሚኖር፣ አንድ ቀን የሚመለስ ሰውም የለም» አለ።

ዞር ብዬ አየሁ። እትዬ አልማዝ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ነበር።

ተነሥቼ «ሂሱን ተቀብያለሁ» አልኩ። ሊቀመንበሩ ሳቀ፣ ለካ ተረት ነው ብሎ ስብሰባውን ዘጋ። እኔ ተረፍኩ።

ስንመለስ ካፊያ ነበር። ድልድዩ ጋ ጌታቸው የተጠበሰ በቆሎ ገዝቶ ግማሹን ሰጠኝ፤ ሁለታችንም ይዘነው ብቻ ሄድን።

«ተናደድሽብኝ?»

«ስለ ግዙፉ ያልከው ልክ ነው።»

«የቀረው ለሊቀመንበሩ ነው። ገብቶሻል አይደል?»

«ለእኔ ገብቶኛል» አልኩት። «እትዬ አልማዝም እኮ ሰምተውሃል።»



በማግሥቱ ጠዋት እትዬ አልማዝ ዓይናቸው አብጦ በራችን ላይ ቆሙ። «ጌታቸው» አሉ፣ «ትናንት የተናገርከው የምታውቀው ነገር ኖሮ ነው?»

ወንድሜ መልስ የማያጣ አራዳ ነበር። ያን ቀን ግን በርጩማ ስቦ እንዲቀመጡ ለመናቸው። ከዚያ «አይ እትዬ፣ መጽሐፉ ገና አላለቀም። የሚበሉትን እንኳ አልጻፈችውም» አለና እኔን አየኝ።

ጻፍኩት። ከወንዙ በታች ትልቅ ማዕድ ዘረጋሁ። ፍልሰታ ስለነበረ የጾም ምግብ አደረግሁት፤ የምስር ወጥ፣ ጎመን፣ ትኩስ እንጀራ። ሰዎቹ ተጎራረሱ፣ ጠግበውም እጃቸውን ታጠቡ። ወስጄ እትዬ አልማዝ ቤት ዝግ ባለ ድምፅ አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

«ምስር አይስማማውም» አሉ ስጨርስ። «ከሕፃንነቱ ሆዱን ይነፋዋል። ሽሮ አድርጊለት።»

በመጽሐፉ ውስጥ ዳንኤል የሚባል ሰው አልነበረም። እዚያው ፊታቸው ምስሩን ሰርዤ ሽሮ አደረግሁት። ፊታቸው ፈካ፣ ግንባሬን ሳሙኝ። ከዚያ በኋላ የጻፍኩት ምንም ነገር እንደዚያ አላስደሰተኝም።

ዓመታት አልፈው ደርግ ወደቀ። የጅምላ መቃብሮች ተቆፈሩ፣ ስንቱ ቤት መርዶ ገባ። በሰፈራችን ድንኳን በየደጁ ተተከለ፤ ስንት ዘመን የታፈነ ልቅሶ ወጣ። የእትዬ አልማዝ እህቶችም ድንኳን ሊያስተክሉ መጡ። እሳቸው በር ላይ ቆመው መለሷቸው። «የኔ ልጅ ሽሮውን እየበላ ነው። ምን ብዬ ነው የማለቅሰው?»

ሰው ሁሉ ሐዘን አእምሯቸውን ነካው አለ። እኔና ጌታቸው የሽሮውን ነገር ለማንም አልነገርንም። እትዬ አልማዝ የልጃቸውን እርም ሳያወጡ ሞቱ። ያ ሽሮ ዕድሜ ሰጥቷቸው ይሁን ልቅሷቸውን ቀምቷቸው፣ ስንት ጊዜ አውጥቼ አውርጄ አላወቅሁም። ሳስበው ያስጨንቀኛል።

ሊዲያ መልስ እየጠበቀች ነበር። ስለ ሐይቁ አመሰገንኳት፣ ፈረሶቹ በዝተዋል አልኳት። ከዚያ «ሰው የሚያምነው ይመስልሻል?» ብዬ ጠየቅኋት።

«እንዲያምኑት አይደል እንዴ የጻፍኩት?» አለች እየሳቀች።

ሰው የሚያምነው መሆኑ ጠንካራ ጎን ይሁን ደካማ፣ እስካሁን አልነገርኳትም።