ቢልጫዋን የመለስኩበት ጠዋት

ባለፈው እሑድ ከልጄ ጋር ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ሳለ፣ አንድ ጎረምሳ በቢጫ የፕላስቲክ ታንኳ ላይ ሆኖ ትልቅ ዓሣ አወጣ። ከዓሣው ጋር በስልኩ ፎቶ ተነሣና፣ ደግ የሠራ መስሎት፣ ሽቅብ ወርውሮ ውኃው ውስጥ ጣለው። ሳላስበው ብድግ ብዬ “ኧረ እንደሱ አይደለም!” ብዬ ጮኽኩ። ደግነቱ ዓሣው ጠንካራ ኖሮ ጠለቀ። ልጄ ግን በሀፍረት መሬት ልትገባ ምንም አልቀራትም። ምን ላድርግ፣ ይኼ ጥፋት የራሴም ጥፋት ነበር።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከሐይቁ ብዙ ሳንርቅ አዲስ ከተማ የሚባለው ሰፈር ስንኖር ጎረቤታችን ጋሽ ላሚሶ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። የዚያን ክረምት የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ታንኳቸውን ብቻዬን ይዤ እንድወጣ እንዲፈቅዱልኝ። ለሁለቱ ወንድሞቼ በሳምንታቸው ፈቀዱላቸው። እኔን ግን ወር ሙሉ ከፊት አስቀምጠው ይዘውኝ ዞሩ። ዓሣ እየያዝኩ አይደለም ወይ ስላቸው፣ የማየው መያዝሽን አይደለም ይሉኛል። ታዲያ ምኔን ነው የሚያዩት? አይናገሩም። ንድድ ነበር የምለው።

ነሐሴ ላይ፣ ሌሊቱን ዘንቦ ባደረበት አንድ ጠዋት ተነሣን። ከመናኸሪያ ወዲህ ያለው መንገድ ጭቃ ብቻ ስለነበር፣ ብስክሌቴ እኔን ሳይሆን እኔ እሷን ተሸክሜ ሐይቁ ዳር ደረስኩ ማለት ይቻላል። ቁርሳችን ቆጮ በዳጣ ነበር። ጋሽ ላሚሶ ያንን የሚያቃጥል ዳጣ ምንም ሳይመስላቸው ይበሉታል፤ እኔ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ደኅና ነኝ እላለሁ። ነፋስ ሳይነሣ ብለን ቶሎ ወደ ጥልቁ ቀዘፍን።

ብዙም ሳንቆይ ክሩ እጄን ሊቆርጠው ደረሰ። ስታገል ቆይቼ (እሳቸውማ እጃቸውን አጣምረው ያያሉ) ቢልጫ የምትባለዋን ዓሣ አወጣሁ። ክንዴን ታህላለች፤ ጎኗ ወርቅ መሳይ፣ ሆዷ በእንቁላል የተወጠረ። ቢልጫ በክረምት ወደ ጥቁር ውኃ ወንዝ ወጥታ ነው እንቁላሏን የምትጥለው። ጋሽ ላሚሶ እንዲህ ያለችውን ገበያ አያወጧትም፤ መመለሷ ከአባታቸው የወረሱት ደንብ ነው። ደንቡን ስለማውቅ፣ እያሳሳችኝ መንጠቆውን ነቅዬ፣ ጥቂት ካደነቅኋት በኋላ አንሥቼ ወረወርኳት። ኩራቴን ብታዩልኝ!

ቢልጫዋ በጀርባዋ ተገለበጠች። ነጭ ሆዷን ወደ ሰማይ አድርጋ ተንሳፈፈች፤ አሞራም ከላያችን መዞር ጀመረ። ጋሽ ላሚሶ ሳይቆጡ መቅዘፊያውን አነሡ፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብለው ታንኳዋን አስጠጓት።

“ከጥልቅ የመጣ ዓሣ ደክሟል” አሉኝ። “እጅሽን አርጥቢ። አንዱ እጅ ጅራቷ ሥር፣ አንዱ ከሆዷ በታች። አንቺ አትልቀቂያት፤ እሷ ትልቀቅሽ።”

በደረቴ ታንኳዋ ጠርዝ ላይ ተኝቼ ያዝኳት። ውኃው በአፏ እየገባ እንድትተነፍስበት፣ ፊቷን ወደምንሄድበት አድርጌ ስይዛት፣ እሳቸው በዝግታ ይቀዝፋሉ። ክንዴ ደነዘዘ። ነፋሱም ያለ ሰዓቱ ተነሥቶ ማዕበሉ ፊቴን ይመታኝ ጀመር። ሁለት ጊዜ የነቃች መስሎኝ ልለቃት ስል ወደ ጎን ዘመመች። ለዓሣ ብዬ ስለት ስሳል የመጀመሪያዬ ነው። ታንኳውንም ፈቃዱንም ረሳሁት፤ ትዳንልኝ ብቻ አልኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ እንጃ፣ ጅራቷ መዳፌ ውስጥ ጠንከር አለ። ከዚያ ፊቴን በውኃ አጥባኝ ሄደች! ውይ ደስታዬ! እየሳቅኩ አለቀስኩ፤ ጋሽ ላሚሶም ሳቁብኝ።

ዳር ስንደርስ መቅዘፊያውን እጄ ላይ ትተው ወረዱ።

“ነገ ታንኳዋን ብቻሽን ይዘሽ ውጪ። እኔ ቤት እውላለሁ።”

ለካ ወንድሞቼም በመጀመሪያው ሳምንት እንዲህ ያለች ዓሣ ገጥማቸው ኖሯል። ሁለቱም መጀመሪያ መወርወራቸውን ግን ደብቀውኛል፣ ጉደኞች! ያን ቀን ቤት ገብቼ የቢልጫዋን ትልቅነት በክንዴ ሳሳይ አባቴ “የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው” ብለው ሳቁ። እንዳልሞተች ባስረዳም የሰማኝ የለም።

ጋሽ ላሚሶ ካረፉ ቆዩ፤ ያን የሚያህል ቢልጫም ዛሬ ማግኘት ከባድ ነው። ከዚያ ወዲህ ዲፕሎማ ይዣለሁ፣ ሥራ ይዣለሁ፣ ቤትና ልጆች ይዣለሁ፤ ለያዝኩት ሁሉ ሰው እልል ብሎልኛል። ግን ባዶ እጄን ቤት የገባሁበትን ያን ቀን ያህል ጠግቤ የተኛሁበት ሌሊት ትዝ አይለኝም።