ምስር ሲወደድ የሚጠፋው ኮምፒውተር

መካነ ሰላም ውስጥ የኮምፒውተር ሐኪም ተብዬ የኖርኩት ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ነው። ሹመቱን የሰጠኝ አካል የለም። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አይሲቲ አስተምር ነበር፤ የፕላዝማው ትምህርት ሲቋረጥም ጣራ ላይ ወጥቼ የሳተላይት ሳህኑን የማስተካክለው እኔ ነበርኩ። ከተማው ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈለገም። ቻርጀሩ የተቃጠለበትም፣ ቴሌቪዥኑ የሚንጫጫበትም፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሚዛኑ የተዛባበት ሥጋ ሻጭ ሳይቀር እኔን አስጠራ። እኔም ሄድኩ። አላውቅም ማለት አልወድም፤ ሚዛኑንም ከነጭራሹ አበላሽቼው ተመለስኩ።

ከትምህርት ቤቱ ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈር፣ ጅዳ ስድስት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ሴት ከእናቷ ጋር ትኖር ነበር። ዕድሜዋ ከእኔ ብዙ አይርቅም። እንደሷ ከአረብ አገር የተመለሱት ሱቅ ሲከፍቱና ባጃጅ ሲገዙ፣ እሷ አዲስ አበባ ወርዳ ገና ላስቲኩ ያልተላጠ ኮምፒውተር ይዛ መጣች። ሰፈሩ ጉድ አለ። እሷ ግን የምታደርገውን ታውቅ ነበር። አዲስ አበባ ያለ አንድ ምስር ገዢ ድርጅት በየወረዳው ወኪል እየፈለገ ነው። ወኪል ለሚሆነው ሰው የግብይት ፕሮግራም ይጫንለታል። በየጠዋቱ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት የምስር ዋጋ ስክሪኑ ላይ በቀይና በአረንጓዴ መስመር ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ወኪሉ ዋጋው ሲጥመው ይህን ያህል ኩንታል አቀርባለሁ ብሎ ይጫናል። የሙከራው ጊዜ አንድ ወር ነው። ወሩን በደንብ ከሠራች ወኪልነቱ የእሷ ይሆናል፤ ካልሆነላት ወረኢሉ ላይ ተራውን የሚጠብቅ ነጋዴ አለ።

ችግሩ ፕሮግራሙ መሀል ላይ መሞቱ ነበር። ለአርባ ደቂቃ ያህል በሰላም ይሠራል። ከዚያ መስመሮቹ መንቀርፈፍ ይጀምራሉ፣ ማውሱ አልንቀሳቀስ ይላል፣ ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ራሱ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ደግሞ ምስር ሲረክስ አይጠፋም። ሰፈርተኛው ሁሉ እንደመሰከረው የሚጠፋው ምስር ሲወደድ ነው።

መጀመሪያ የተጠራሁ ቀን እናቷ በር ላይ ተቀበሉኝ። አጭር፣ ፈጣን፣ ሻሻቸውን ጥብቅ አድርገው ያሰሩ ሴት ናቸው። እጄን ይዘው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና፣ “መምህር፣ ይሄ ካልሠራላት ተመልሳ ጅዳ ትሄዳለች። ደሴ ያለው ደላላ በየሳምንቱ ይደውላል። ይቺን ዕቃ ካዳንክልኝ ልጄን አዳንክልኝ” አሉኝ። እኔ ታዲያ የዚህ ዓይነት አደራ ሲጣልብኝ እንደ ማፈር አብጬ ነው የምገባው።

በዚያ ቤት ሳይቀመስ ዕቃ መንካት ነውር ነበር። እናቷ ቀድመውኝ ገብተው ጥቂት ሲንጎዳጎዱ ቆዩና ወፍራም የበግ ጠጉር ባና መደቡ ላይ አንጥፈው አስቀመጡኝ። የመካነ ሰላምን ብርድ ለሚያውቅ ሰው እንዲያ ያለ ሞቅ ያለ መቀመጫ ትልቅ ክብር ነው። ከዚያ ጭኮ በቅቤ፣ ከዚያ ሻይ፣ ከዚያ ደግሞ ጭኮ መጣ። ግማሽ ሰዓት አለፈ። በመጨረሻ ልጅቱ ፕሮግራሙን ከፈተችልኝ። እስከ አምስት ሰዓት ተቀምጬ ጠበቅሁት፤ አንድም እንከን የለውም። ቫይረስ ነበር አልኩና አንድ ሁለት ነገር አጥፍቼ፣ ተመርቄ ወጣሁ። በማግስቱ ልጅቱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። እንደገና ሞቷል።

ሁለተኛ ጊዜ ሄድኩ። ባና፣ ጭኮ፣ ሻይ። ሳጥኑን ፈትቼ ሜሞሪውን አወጣሁና በላጲስ ፈገፈግሁት፤ ይህ ያኔ በአገራችን የታወቀ ሕክምና ነበር። ኮምፒውተሩ እፊቴ እንደ ንጉሥ ፈረስ ሠራ። ሄድኩ፤ ሞተ። ሦስተኛ ጊዜ ሁሉንም ነገር አጥፍቼ ከስር እንደ አዲስ ጫንኩት። እያየሁት ሠራ፤ ዞር ስል ሞተ። አዲስ አበባ ያለው የድርጅቱ ባለሙያ ጋ ስንደውል፣ አጥፍታችሁ አብሩት አለን። ማጥፋቱንስ እሱ ራሱ ያጠፋል፣ በዚህ በኩል ችግር የለብንም አልኩት። ስልኩን ዘጋብኝ።

ወሬው ከተማውን ሞላው። ጎረቤታቸው ያሉ ሐጂ ለኮምፒውተሩ ዱዓ አደረጉለት፤ በሌላው ወገን ያሉት ክርስቲያን ጎረቤት ደግሞ ዓይን በልቶት ነው ብለው በሃይላንድ ጠርሙስ ጠበል ላኩ። የየትኛውም ሃይማኖት ውሃ ወደ ኮምፒውተሩ እንዳይጠጋ በጥብቅ ከለከልኩ። በትምህርት ቤት ያለው የአንድ ለአምስት ቡድኔ ጉዳዩን በአጀንዳ ይዞ ተወያየበትና፣ የታሪክ መምህሩ ችግሩ የአመለካከት ነው ብሎ ደመደመ። በቃለ ጉባኤም ሰፈረ።

እኔ ግን በመጽሐፍ ነበር የምሄደው። ኮምፒውተር የሚጠፋባቸውን ምክንያቶች ከአንድ እስከ አሥራ አንድ ጽፌ በተራ እሰርዝ ጀመር። አራተኛው ሙቀት ይላል። እጄን ሳጥኑ ላይ አሳረፍኩ፤ ቀዝቃዛ ነው። ደግሞስ መካነ ሰላም ላይ ምን ሙቀት አለ? በኅዳር ጣታችን ጠመኔ አልይዝ እያለ የምናስተምር ሰዎች ነን። እየሳቅሁ ሰረዝኩት። ልጅቱንም ልጠይቃት የሚገባውን ሁሉ ጠየቅኋት። ውሃ ፈስሶበታል? አልፈሰሰም። ወድቋል? አልወደቀም። ከመጥፋቱ በፊት ምን የተለየ ነገር ታደርጉታላችሁ? ምንም።

ወሩ ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው ለአራተኛ ጊዜ ተጠራሁ። ያን ዕለት ጠዋት የወሩ ትልቁ ዋጋ ወጥቶ፣ ልጅቱ ጣቷን ልታሳርፍ ስትል ስክሪኑ ጨልሞባታል። እኔ ስደርስ፣ መቼም ልማዱ ነው፣ ሠራ። እፊቴ ተቀምጦ አረንጓዴውን መስመር ሽቅብ ይስባል። ንዴት ያዘኝ። አንድ ወር ሙሉ የናቀኝ መሰለኝ። የማላውቀውን ነገር አላውቅም ከማለት ይልቅ፣ “ይሄ ኮምፒውተር የውሸት ነው። አጭበርብረው ነው የሸጡልሽ፤ መዳን የለውም” አልኳት።

ልጅቱ አልተከራከረችኝም። እሺ መምህር፣ ደክመሃል፣ አላህ ይስጥልኝ አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ትንሽ ቆይቶ የሻንጣ ዚፕ ሲከፈት ሰማሁ። እናቷም ሰምተዋል። እስከ በሩ ሸኙኝ፤ ያን ዕለት አልመረቁኝም።

ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ስደርስ ኪሴን ብዳብስ የተማሪዎቹ ፈተና ያለበት ፍላሼ የለም። ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቼው ረስቻለሁ። ከአንድ ቤት ሁለት ጊዜ መሰናበት ስለከበደኝ፣ ድምፅ ሳላሰማ ገብቼ ነቅዬው ልወጣ ተመለስኩ።

በሩን ገፋ ሳደርግ ያየሁትን አሁንም ሳስበው እስቃለሁ። ኮምፒውተሩ ባናውን ለብሷል። ሳጥኑ ዙሪያውን እስከ አንገቱ ተጠቅልሎ፣ ከፊት ለፊት ጨርቁ በመርፌ ቁልፍ ተይዞ፣ የምታበራዋ ሰማያዊ መብራት ብቻ እንደ አራስ ልጅ ፊት ብቅ ብላለች። እናቷ ተንበርክከው ጠርዙን ከስሩ እየጎሰጎሱ ነበር።

እኔን ሲያዩ ደነገጡ። እንግዳ መጥቶ መቀመጫ የለም። እመር ብለው ቁልፏን ፈቱ፣ ባናውን ከኮምፒውተሩ ላይ ገፈው መደቡ ላይ አነጠፉት፣ ተቀመጥ አሉኝ። ተቀመጥኩ። ባናው ከስሬ እንደ ትኩስ ዳቦ ነው። አራት ጊዜ እዚያ ላይ ተቀምጬ ሙቀቱ የቤቱ ደግነት ይመስለኝ ነበር። ለካ የምፈልገውን በሽታ ተቀምጬበት ኖሯል።

“እማማ፣ ይሄን የሚያለብሱት መቼ መቼ ነው?” አልኳቸው።

ሁልጊዜ ነዋ አሉኝ፤ የሚያነሱት ለእንግዳ ብቻ ነው። ለምን ብላቸው በጅልነቴ አዘኑ። ይንቀጠቀጣል እኮ፣ ገና ሲከፈት ጀምሮ ኡ ይላል፣ ብርድ ብሎት ነው አሉኝ። የሚሉት የማራገቢያውን ድምፅ ነው። ልጅቱም ምንም ያለችኝ ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። በዚያ ቤት ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል፣ ሬዲዮው ለብሷል፣ ፔርሙዙ እንኳ ሹራብ አለው። ኮምፒውተሩ ባና መልበሱን የተለየ ነገር ብላ ልትነግረኝ ከየት ይመጣላታል።

ፊቴን አይተው ነገሩን ጠረጠሩ። በተቻለኝ መጠን አለስልሼ ነገርኳቸው። ያ ድምፅ ትንፋሹ ነው፣ ጎኑ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች አፍንጫው ናቸው፣ ሲሸፈን ታፍኖ ራሱን ይስታል፤ የሚታፈነውም ቆይቶ ነው፣ ምስርም የሚወደደው ረፈድ ሲል ስለሆነ ሁለቱ ይገጣጠማሉ። ጥፋቱ የፋብሪካው ነው፣ ብርድ አገር እንዳለ አላሰቡም ብዬም ጨመርኩ። እሳቸው ግን እኔ ካልኩት በላይ ገብቷቸዋል። ከጎኔ ቁጭ አሉ። ልጅቱ የታጠፈ ልብስ በእጇ እንደያዘች ጓዳው በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር።

“እኔ ነኝ እንዴ ልሰድሽ የነበርኩት?” አሏት።

“እማ፣ ተይ።”

“ስድስት ዓመት ሙሉ ሌሊት እየነቃሁ፣ ለብሳ ይሆን፣ ተገልጣ ይሆን እላለሁ። እጄ አይደርስም። ይሄ ያንቺ ዕቃ ሲመጣልኝ ጊዜ፣ እጄ ደረሰ።”

ልጅቱ ልብሱን ጣለችና መጥታ እግራቸው ስር ተቀመጠች። “እማ፣ ጅዳ እኮ ብርድ የለም። እሳት ነው፤ አንድ ቀንም ለብሼ አላውቅም” አለች። እናቷ አላመኗትም። ሰው ያለ ልብስ የሚያድርበት አገር እንዴት ይኖራል ብለው ተከራከሩ፣ ከዚያ ሦስታችንም ሳቅን፣ መሀል ላይ እነሱ ማልቀስ ጀመሩ። እኔ በጣም አፈርኩ። ኮምፒውተሩ የውሸት እንዳልሆነ፣ ያላወቅሁት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳት። እንዲህ ማለት ለካ አይገድልም።

የቀሩትን ጠዋቶች ሁሉ እዚያው ነበርኩ። ኮምፒውተሩ ራቁቱን ተቀምጦ ሲንቀጠቀጥ እናቷ ማየት አልቻሉም፤ ፊታቸውን አዙረው፣ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከትተው ይጠብቃሉ። አርባ ደቂቃ ያልፋል፣ ሰዓት ይሞላል፣ ምስር ይወደዳል፣ መስመሩ አይቆምም። ልጅቱ ትጫናለች፣ ከማዶ ይቀበሏታል። በመጨረሻው ቀን ከአምስት ሰዓት በኋላ ከድርጅቱ ተደወለ፤ ወኪልነቱ የእሷ ሆነ።

ስልኩን ዘግታ ደሴ ላለው ደላላ ደወለችና፣ ሲጠራ ስልኩን ለእናቷ ዘረጋችላቸው። አንቺ ንገሪው አለቻቸው። በእኛ አገር ስልክ ሲነሳ ወሬው ከመጀመሩ በፊት የጤናው፣ የከብቱ፣ የዝናቡ፣ የጎረቤቱ ሰላምታ አለ፤ ሳይጠይቁ ወደ ጉዳይ መግባት ስድብ ነው። ደላላውም አንድ በአንድ ሲጠይቅ ድምፁ እኛ ድረስ ይሰማ ነበር። እንደምን ናችሁ፣ ጤና ናችሁ፣ ቤተሰቡ ደህና፣ አዝመራው ደህና ይላል። እናቷ ለአንዱም አልመለሱለትም።

“አትሄድም” አሉት፤ ስልኩንም ለልጃቸው መልሰው ሰጧት።