አፏን ገጥማ የምትራመደው ሴት

የጡት ካንሰሯ በቀዶ ጥገና ከመውጣቱ በፊት ሰውነቷ እንዲጠነክር፣ ሐኪሟ ስፖርት ወደምታሠራው ወደ ሄራን ልኳታል። ወሎዬ ናት፤ ዕድሜዋን በዓረብ አገር፣ በሚርዲፍ ሰፈር ቪላዎች በቤት ሠራተኝነት ስትሠራ የጨረሰች። አባያዋን ሰብስባ፣ የማዳሟ ልጅ የጣለችውን ሮዝ ስኒከር አጥብቃ አስራ ትሬድሚሉ ላይ ትወጣለች። ስትወርድ መያዣውን በሻሿ ጫፍ ትወለውላለች፤ የነካችውን ሳታጸዳ መሄድ አይሆንላትም።

ሄራንን የሚያስጨንቃት ግን የሴትየዋ አፍ ነው። ላቧ ባንገቷ እየወረደ፣ ከንፈሯን ግጥም አድርጋ በአፍንጫዋ ብቻ ትተነፍሳለች።

«ደከመዎት?»

«ኧረ ዋላሂ ደህና ነኝ! ጨምሪው ልጄ።»

ዛሬ ተንገዳገደች። ሄራን ማሽኑን አጥፍታ ደገፈቻት።

«ምነው ይደብቁኛል? ድካምዎን ካላወቅሁ በምን ልርዳዎት?»

ሴትየዋ ዓይኗን ከበሩ አልነቀለችም።

«እንደ ቪዛው የጤና ምርመራ መስሎኝ። ከወደቅሁ ሳልታከም አገሬ የምትሸኙኝ።»

«እዚህ ማንም አይወድቅም። እንደ ልብዎ ይተንፍሱ።»

«እንግዲያው በሩን ዝጊልኝ።»

ሄራን ሄዳ ዘጋችው። ሴትየዋ መዘጋቱን አይታ፣ ያን ጊዜ አፏን ከፈተች።